ሄርማታ መርካቶ ያለው የኳስ መደብር

በጅማ ሄርማታ መርካቶ የሚገኘው ይህ የስፖርት ዕቃ መደብር ከውጭ ሲታይ ጠባብ ቢሆንም፣ ውስጡ ታኬታው፣ መለያውና የጎል መረቡ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ግድግዳው ላይ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳው የጅማ አባ ጅፋር ቡድን ፎቶ ተሰቅሏል። ስለ ልብሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ እንደ ሌላው ሱቅ ነው።

መደብሩን ከሌሎች የሚለየው የኳስ መደርደሪያው ነው። ከውጭ የመጡት ሳጥኖች ሁሉም ላያቸው ላይ «ፉትቦል» የሚል ጽሑፍ አለባቸው፤ ይሁንና ከአንዱ የሚወጣው ክብ፣ ከሌላው የሚወጣው ሁለት ጫፉ የሾለና ወርዋሪው እንዲጨብጠው ጀርባው ላይ ክር የተጠላለፈበት የአሜሪካኖች ኳስ ነው። ሻጩ ወጣት ሳጥኑን ሳይከፍት ገንዘብ አይቀበልም። አንዲት እናት ለልጃቸው ሊገዙ መጥተው «ልጄ፣ ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ኳስ ነው?» ሲሉት፣ «እማማ፣ ይሄ በእጅ ነው የሚያዘው፤ ለሰፈር ልጆች አይሆንም» ብሎ ክቡን አወጣላቸው።

ሳጥኖቹ ዋሽተዋል ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የእግር ኳስ ማኅበር ኳስን በእጅ ይዞ መሮጥን ሲከለክል፣ መያዙን የወደዱት ክለቦች በ1871 የራሳቸውን የራግቢ ፉትቦል ኅብረት መሠረቱ፤ ሁለቱም ግን ፉትቦል የሚለውን ስም አልተዉም። አሜሪካኖች የእኛን እግር ኳስ የሚጠሩበትና እንግሊዞች ዛሬ የሚያላግጡበት «ሶከር» የሚለው ስም እንኳ የእንግሊዞቹ የራሳቸው ተማሪዎች «አሶሲዬሽን» (ማኅበር) የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አሳጥረው ያወጡት ነው። በአሜሪካና በካናዳ ፉትቦል ማለት የራስ ቁር የሚደረግበት ጨዋታ ሲሆን፣ አሜሪካኖቹ 11 ሆነው፣ ካናዳውያኑ 12 ሆነው ይገጥማሉ። በአውስትራሊያ ደግሞ ነገሩ እንደ ከተማው ነው፤ ሜልቦርን ላይ ቃሉ በሞላላ ሜዳ 18 ለ18 የሚደረገውን የአገሩን ጨዋታ ሲያመለክት፣ ሲድኒ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 13 ተጫዋች የሚሰለፍበትን፣ ራግቢ ሊግ የሚባለውን የራግቢ ዓይነት ያመለክታል። ገዢን በቀላሉ ሊያሳስት የሚችለው የአየርላንዱ ጌሊክ ፉትቦል ይመስለኛል፤ ኳሱ እንደኛው ክብ ሆኖ በእጅም በእግርም ይጫወቱበታል፣ ክብደቱም ከ480 እስከ 500 ግራም ነው።

የእኛው ቁጥር 5 ኳስ ዙሪያው ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ410 እስከ 450 ግራም መሆን አለበት። መደብሩ የተሰፋም የተለጠፈም አለው። የተለጠፈው ረከስ ቢልም ጠጠር ሜዳ ላይ ጠርዙ ቶሎ ስለሚላጥ፣ ለሰፈር ጨዋታ የተሰፋውን እመርጣለሁ፤ ስፌቱን በጥፍሬ ብፈትሽ የላላ ክር አላገኘሁበትም።

ቅሬታዬ በመደርደሪያው ላይ ነው። ክቡም ሞላላውም «የእግር ኳስ» በሚል አንድ ጽሑፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ወጣቱ በሌለበት ሰዓት የሚተካው ሰው ሳጥን ስለማይከፍት፣ ገዢው ራሱ ከፍቶ ቢያይ ይሻላል። የመንፊያው መርፌም ለብቻው ስለሚሸጥ አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ምሽት ክፍት ነው።