የምስልና የቪዲዮ ፋይሎቻችንን አቀራረብ ላስተካከሉልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ፎቶግራፎቻችንና ቪዲዮዎቻችን ለአንባቢ የሚደርሱበትን አሠራር ከሥር መሠረቱ ላስተካከሉልን የሶፍትዌር ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ ይህን ጽፌአለሁ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ የምናገረው ስለ ሥራቸው ብቻ ነው፤ ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ግን ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኘዋለሁ።

የምናዘጋጀው የፎቶ ዘገባ ነው። ጽሑፉም ምስሉም የሚቀመጠው በሄድለስ ሲኤምኤስ ውስጥ ነው፤ ይኸውም ይዘቱን ብቻ የሚይዝ፣ የገጹን መልክ የማይወስን፣ ድረ ገጹም ሆነ የስልክ መተግበሪያው የሚፈልገውን በኤፒአይ (ፕሮግራሞች እርስ በርስ መረጃ በሚጠያየቁበት መስመር) እየጠየቀ የሚወስድበት ሥርዓት ነው። ገጾቻችን ግን እስኪከፈቱ ድረስ አንባቢን ያሰለቹ ነበር። ቀደም ሲል ያማከርነው ሰው ከፍ ያለ ሰርቨር እንድንከራይ ነገረን፤ ተከራየን፤ ከወርኃዊው ክፍያ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም።

እኚህ ባለሙያ ሥራውን ሲረከቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አንድም መስመር ኮድ አልነኩም። የኤፒአዩን ምላሽ እየከፈቱ ሲመረምሩ፣ ትንንሾቹ ምስሎች በቤዝ64 ወደ ፊደል ተቀይረው በጄሰኑ (ኤፒአዩ መረጃውን በጽሑፍ በሚልክበት ቅርጸት) ሆድ ውስጥ ታጭቀው አገኟቸው። በዚህ መንገድ የተጻፈ ምስል ከዋናው ፋይል በአንድ ሦስተኛ ያህል ይገዝፋል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ ብራውዘሩ ምስሉን ለብቻው በካሽ (አንዴ የወረደ ፋይል ደግሞ እንዳይወርድ በሚቆይበት ማከማቻ) ሊያስቀምጠው ስለማይችል፣ በዘገባው ውስጥ አንድ ቃል በታረመ ቁጥር አንባቢው ምስሎቹን ሁሉ እንደ አዲስ ለማውረድ መገደዱ ነው። ትልልቆቹ ፎቶዎች በበኩላቸው ከካሜራው እንደወጡ ይላኩ ስለነበር፣ 6000 በ4000 ፒክስል የሆነ ፋይል በአንዲት ጠባብ የስልክ ገጽ ላይ ለመታየት ሲል ብቻ ያን ሁሉ መንገድ ይጓዝ ነበር።

አሁን ኤፒአዩ የሚመልሰው የምስሉን አድራሻ፣ ስፋቱንና ቁመቱን፣ እንዲሁም ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች የሚነበበውን መግለጫ ነው። ስፋቱና ቁመቱ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ብራውዘሩ ቦታውን ቀድሞ ይይዛል፤ ምስል በደረሰ ቁጥር ጽሑፉ ወደ ታች ይዘል የነበረውም በዚሁ ቀረ። አነስ ያለው ቅጂ የሚዘጋጀው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚቀርበው ከሲዲኤን፣ ማለትም የፋይሎችን ቅጂ ይዘው ለአንባቢው ቀረብ ካለ ቦታ ከሚያደርሱ ሰርቨሮች ነው። ብራውዘሩ ኤቪአይኤፍ ወይም ዌብፒ የተባሉትን ቀለል ያሉ የምስል ቅርጸቶች እንደሚቀበል በጥያቄው ካሳወቀ በዚያው ቅርጸት፣ ካላሳወቀ በጄፔግ ይላክለታል።

ማንም ሳይጠይቃቸው ያሰቡት ነገር ይበልጥ አስደንቆኛል። ስፋቱ በአድራሻው ላይ የሚጻፍ ከሆነ፣ ተንኮል ያሰበ ሰው ከ1 እስከ 5000 ያለውን ቁጥር ሁሉ እየቀያየረ ሰርቨሩን በከንቱ ሊያደክመው እንደሚችል አስረድተው፣ 5 ስፋቶችን ብቻ ፈቅደው ሌላውን ሁሉ ዘጉት። የፋይሉንም ስም ከራሱ ይዘት በሚሰላ ሃሽ (የይዘቱ መለያ በሆነ የፊደልና የቁጥር ድርድር) እንዲሰየም አደረጉ። ምስሉ ሲለወጥ አድራሻውም አብሮ ስለሚለወጥ፣ ካሹ ለ31536000 ሰከንድ፣ ማለትም ለአንድ ዓመት ያህል ቢቆይም አሮጌ ፎቶ አዲሱን ተክቶ አይታይም። ይህ ጉዳይ ቀድሞ ስንት ጊዜ ከፎቶ አንሺዎቻችን ጋር እንዳጨቃጨቀን እኔ ነኝ የማውቀው።

ከፍጥነቱ ሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ስለ ኤግዚፍ፣ ማለትም ካሜራው በፎቶው ፋይል ውስጥ ስለሚመዘግበው ተጨማሪ መረጃ ነው። በስልክ የተነሳ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ የጂፒኤስ መለኪያ በውስጡ ይዞ ሊዞር ይችላል፤ እኛም ይህን ሳናውቅ ቤታቸው ድረስ ሄደን ያነጋገርናቸውን ሰዎች አድራሻ ከፎቶው ጋር ስናሰራጭ ኖረናል። ባለሙያው ይህ መረጃ ለአደባባይ ከሚወጡት ቅጂዎች ሁሉ እንዲሰረዝ አደረጉ። የፎቶው አቅጣጫም የሚመዘገበው በዚያው በኤግዚፍ ውስጥ ስለሆነ በጅምላ ቢሰረዝ ብዙ ፎቶዎች በጎናቸው ይተኙ ነበር፤ እርሳቸው ግን አስቀድመው ምስሉን ራሱን አዙረው ነው መረጃውን የሰረዙት። ዋናዎቹ ፋይሎች ለሕዝብ ተዘግተው፣ ለአዘጋጆቻችን ብቻ ጊዜው በሚያበቃ የተፈረመ (በምስጢር ቁልፍ የተረጋገጠ) አድራሻ ይከፈታሉ።

ቪዲዮውን በአጭሩ ልጥቀሰው፦ ሰርቨሩ የፋይሉን ክፍል ብቻ ለሚጠይቅ ብራውዘር በ206 (የተጠየቀው ክፍል ብቻ መላኩን በሚገልጸው የምላሽ ቁጥር) መመለስ ስላልቻለ ተመልካቹ ወደ ፈለገው ደቂቃ መዝለል አይችልም ነበር፤ ግማሽ ቀን ባልሞላ ሥራ ተስተካከለ።

እርሳቸውን ለመቅጠር ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ቢያውቅ ይበጀዋል። የገጽ ንድፍ አይሠሩም፤ አንድ ሥራ ሳይጨርሱም ሌላ ስለማይጀምሩ ወረፋ መጠበቅ ግድ ነው። የሚያስረክቡት ሰነድ እጥር ምጥን ያለ በመሆኑ እኔ ሦስት ጊዜ ደውዬ ማብራሪያ ጠይቄአለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በትዕግሥት መልሰውልኛል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስድስተኛውን ስፋት ራሴ ጨመርሁ።