«ነፃ» የሚለውን የቃል ፈላጊ አፕ ከመጫናችሁ በፊት

ስክራብል (ሰሌዳ ላይ ፊደል እየደረደሩ የእንግሊዝኛ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ) ወይም ዎርድል (የተደበቀ ቃል የሚገመትበት) የምትጫወቱ፣ ወይም ልጆቻችሁ በእናንተ ስልክ የሚጫወቱባችሁ፣ ይህቺን አንብቡልኝ። እኔ 76.89 ዶላር ከፍዬ ነው የተማርኳት።

ነገሩ የተጀመረው በእልህ ነው። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ11 ዓመት ልጄ ስክራብል ከትምህርት ቤት ለምዳ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ እሁድ ከቡና በኋላ አባቷን መቅጣት ሥራዋ ሆነ። እኔ እንግሊዝኛን በሰዋስው ነው የተማርኩት፤ እሷ ተወልዳበታለች። አንድ እሁድ ኪው እጄ ላይ ቀረች። ዩ የለኝም። ኪው ካለች ዩ ትከተላታለች ብለው ነው እኛን ያስተማሩን፤ ስለዚህ 10 ነጥብ የምታወጣ ፊደል ይዤ ቁጭ አልኩ። ጨዋታው ሲያልቅ እጅህ ላይ የቀረው ፊደል ከነጥብህ ይቀነሳል፤ ተቀነሰብኝ። «አባዬ፣ ፊደሉን እኮ መቀየር ትችል ነበር» አለችኝ፣ እያዘነችልኝ። ሽንፈቱን ችዬው ነበር፤ ማዘኗን ግን አልቻልኩትም።

ማታ ስልኬን ከፍቼ እነዚህ ፊደሎች ያሉበት ቃል ብዬ ፈለግኩ። ከላይ ማስታወቂያ የከፈለ አፕ መጣ። ነፃ ይላል። ጫንኩት። ሰባቱን ፊደል ሳስገባ ይሄን ያህል ቃል አገኘሁልህ አለና ሁሉንም አደብዝዞ አሳየኝ። ለማንበብ «ቀጥል» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ። ከሥሩ፣ በግራጫ፣ መነጽር ለብሰህም በማይነበብ ጽሑፍ፣ የ3 ቀኑ ሙከራ ሲያልቅ በየሳምንቱ 6.99 ዶላር እንደሚቆረጥ ተጽፏል። በየወሩ አይደለም፣ በየሳምንቱ! መዝጊያዋ ኤክስ የምትመጣው ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ነው፤ እሷም ከጀርባው ቀለም ጋር ተመሳስላ። ጣቴን አሳረፍኩ፤ አለቀ።

6.99ን በ52 አባዙት። 363 ዶላር ከ48 ሳንቲም በዓመት። በዚህ ገንዘብ ስክራብል ከነሰሌዳው ከ10 በላይ ይገዛል።

እና የተደበቀው ቃል ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ኪው፣ ኤ፣ ቲ። ጫት ማለት ነው! የሐረር ልጅ ነኝ እኮ። ጫት የሚለውን ቃል ለማወቅ በዶላር ከፈልኩ። ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ሁለት ሳምንት ተጠቀምኩና ሰለቸኝ። አፑን አጠፋሁት። እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን የምንሸወደው፤ አፑን ከስልክ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽኑን አያቆመውም። እኔ ጨርሻለሁ ስል እሱ በየሳምንቱ ይቆርጥ ነበር። ባንክ መግለጫው ላይ ደግሞ የሚወጣው የአፕ መደብሩ ስም ስለሆነ ዓይኔ አልፎት ሄዷል። ያገኘችው ባለቤቴ ናት፦ «አንተ፣ ይሄ በየሳምንቱ የሚሄደው ስድስት ምናምን ዶላር ምንድነው?» ስንቆጥረው 11 ጊዜ ተቆርጧል። ተመላሽ ጠየቅኩ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተመለሱልኝ፣ የቀረው ቀረ።

ደግሞ አፑ በትክክል ቢሠራ አንድ ነገር ነው። አንድ እሁድ ዜድ፣ ኦ የሚል ቃል ሰጠኝ። በኩራት አስቀመጥኩት። ልጄ አይቆጠርም አለች፤ መዝገቡን አየን፣ እውነቷን ነው፣ ተራዬን ተቀጣሁ። ለካ ስክራብል ሁለት የቃላት መዝገብ አለው። አሜሪካና ካናዳ በአንዱ ይጫወታሉ፤ እንግሊዝና አብዛኛው ሌላው ዓለም ኮሊንስ በሚባለው። ያቺ ዜድ፣ ኦ ያክ የሚባለው የቲቤት ፀጉራም ከብትና የላም ዲቃላ ስም ናት፤ ኮሊንስ ይቀበላታል፣ የአሜሪካው አይቀበላትም። አፑ የት እንደምጫወት እንኳን አልጠየቀኝም።

ሥራው ራሱ ምንም አይደለም። የቃላት ዝርዝር አለ፣ ያንተን ፊደሎች ከዝርዝሩ ጋር ያመሳክራል፣ በቃ። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይሠራዋል። ዝርዝሩም ቢሆን ኢኔብል የሚባል ከ172 ሺህ በላይ ቃል ያለው፣ ማንም በነፃ የሚወስደው አለ።

በነፃ የሚሠሩትንም ልንገራችሁ። የሜሪያም-ዌብስተር መዝገበ ቃላት የስክራብል ቃል ፈላጊ አለው፣ ካርድ አይጠይቅም። ዋንሉክ (OneLook) በሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ የማታውቁት ፊደል ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት እያስገባችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ለዎርድልም ለመስቀለኛ ቃላትም ይሆናል። ዩ የሌላቸውን የኪው ቃላት ከሆነ የምትፈልጉት አንዷን እኔ ልስጣችሁ፦ ኪው፣ አይ። ቻይኖች የሕይወት ኃይል የሚሉት ነው። በአሜሪካው መዝገብ በ2006 ገብታለች። ሁለት ፊደል፣ 11 ነጥብ። በነፃ።

አሁኑኑ ስልካችሁን እዩ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከላይ ስማችሁን ስትነኩ ሰብስክሪፕሽንስ የሚል ታገኛላችሁ። አንድሮይድ ከሆነ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ፎቷችሁን ነክታችሁ ክፍያና ሰብስክሪፕሽን የሚለው ጋ ግቡ። የሙከራ ጊዜ ላይ ያላችሁ ቀኑ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ አይፎን ላይ ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ መሰረዝ አለበት። ልጆች ካሏችሁ ደግሞ ግዢ ሁሉ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ አድርጉት። ለነገሩ እኛ ቤት ጥፋተኛው ልጅ አልነበረም።

ባለፈው እሁድ ያለ አፕ ተጫወትን። ቢ፣ አይ፣ አር፣ አር ደረደርኩ። ብር! ልጄ ሳቀችብኝ፤ «አባዬ፣ ይሄ የኢትዮጵያ ገንዘብ ነው፣ አይቆጠርም።» መዝገቡን ከፍተን አየን። አለ። 6 ነጥብ።