ለዐለት ስንጥቅ አትክልት የትኛው ድንጋይ ይሻላል? የአሸዋ ድንጋይ፣ የኖራ ድንጋይ፣ ቱፋ ወይስ የፈረሰ ኮንክሪት

ጠፍጣፋ ድንጋዮችን መደርደሪያ ላይ እንዳሉ መጻሕፍት አቁሞ፣ በመካከላቸው የከፍተኛ ተራራ አበቦችን መትከል የዐለት ስንጥቅ አትክልት ይባላል፤ የቼክ ሪፐብሊክ አትክልተኞች ያስፋፉት አሠራር ነው። ዛሬ በአሜሪካዋ ኮሎራዶም ብዙ ሰው ይሠራዋል። ሥሩ ጠልቆ ቅዝቃዜና እርጥበት ያገኛል፣ አንገቱ (ግንዱ ከሥሩ የሚገናኝበት ቦታ) ደረቅ ይሆናል። እነዚህን ተክሎች ከብርዱ ይልቅ የሚገድላቸው በበረዶው ወራት አንገታቸውን የሚያበሰብሰው ውሃ ነው።

ስለዚህ ሲገዙ ከድንጋዩ ዓይነት በፊት ቅርጹን ይዩ፤ ሁለት ጠፍጣፋ ፊት ከሌለው ስንጥቅ አይወጣውም። የወንዝ ድቡልቡል ድንጋይ ከነጭራሹ ይቅር። ለ3 በ1.5 ሜትር ቦታ ከ1.5 እስከ 2 ቶን ይበቃል።

በኮሎራዶ ከተሞች በዴንቨርና በአውሮራ ላሉ የመጀመሪያ ምርጫችን ከላይንስ ከተማ አካባቢ የሚወጣው ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ ነው። በተፈጥሮው በንጣፍ ይሰነጠቃል፣ ቅርብ ስለሆነም የማጓጓዣው ዋጋ አይከብድም። ውፍረቱ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ የሳሳው መሬት ውስጥ ሲመታ ይሰበራል። በመዶሻ ነካ አድርጉት፦ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠው ጠንካራ ነው፤ ድፍን ድምፅ ያለው ውርጭ ሲደጋገምበት ይላላጣል።

የኖራ ድንጋይ የተሻለ መልክ አለው፤ ብርማ ቅጠል ያላቸው ሳክሲፍራጋዎችና ጄንቲያና ክሉሲ የተባሉት የተራራ አበቦች ይወዱታል። አንድሮሳሴ ቫንዴሊ የተባለው የተራራ አበባ ግን ኖራ ይጠላል። ለእሱ የአሸዋ ድንጋይ ወይም ግራናይት ያስፈልጋል፤ ግራናይት ደግሞ ከባድ ነው፣ ጠፍጣፋም ሆኖ ብዙ አይገኝም።

ቱፋ ቀዳዳ የበዛበት የኖራ ድንጋይ ዓይነት ሲሆን፣ ቀላልና ውሃ የሚመጥ ነው። 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ወደ ታች ያዘነበለ ቀዳዳ በሰርሳሪ አውጥቶ ችግኝ መትከል ይቻላል። ግን ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። አንድ ሁለት ገዝቶ ለአስቸጋሪዎቹ ተክሎች ማቆየት ይበቃል።

የፈረሰ ኮንክሪት ብዙ ጊዜ በነፃ ይገኛል። ብረት ያለበትን ይተዉት። መልኩን ካልናቁት ተክሎቹ ግድ የላቸውም፤ ኖራ የሚጠሉትን ብቻ አይትከሉበት።

ከድንጋዩ የተረፈው ገንዘብ ለአሸዋ ይዋል። የአካባቢው አፈር ብዙ ጊዜ ዋልካ መሰል ስለሆነ፣ ድንጋዩ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ባለው የሻካራ አሸዋ ጉብታ ላይ ይቁም። የልጆች መጫወቻ አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ ውሃ ይይዛል። ድንጋዩን ቢያንስ ግማሹን ቅበሩት፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘንብል፣ ክፍተቱም ከ1 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ስንጥቁ ወደ ቁልቁለቱ ከወረደ ዝናብ አሸዋውን ጠርጎ ይወስዳል፤ በትናንሽ ድንጋዮች ይገደብ። አሸዋውን ውሃ እያጠጡ በቀጭን እንጨት ይጠቅጥቁ፣ ሥር የሚያደርቀው ውስጡ የቀረ ባዶ ቦታ ነውና።

ችግኝ ሲመርጡ ትንሹን ይውሰዱ። ከመትከልዎ በፊት የማሰሮውን አፈር ከሥሩ ይጠቡት፤ ፒት የሚባለው፣ ከበሰበሰ የረግረግ ተክል የሚገኘው ጥቁር አፈር አሸዋ ውስጥ አንዴ ከደረቀ ውሃ መልሶ አይጠጣም።