ከመነጽር ከተለያየሁ 11 ወር ሆነኝ፦ ከደሴ ሄጄ ያሠራሁት የሌዘር የዓይን ሕክምና

መነጽር የሚያደርግ ሰጋጅ ይገባዋል። በቀን አምስት ጊዜ ለውዱእ ታወልቃለህ፣ እርጥብ ፊትህ ላይ መልሰህ ታደርጋለህ፣ ለሱጁድ እንደገና ታወልቃለህ። አንድ ጁምዓ መስጊድ ውስጥ ከጎኔ ያስቀመጥኩትን አንድ አባት ሳያዩ ረገጡት። ቀኝ ዓይኔ ማይነስ 5.25፣ ግራው 4.75 ነበር፤ ያለ መነጽር ትንሽ ራቅ ያለ ሰው ፊት አይለይልኝም። ያን ቀን እስከ ደሴ ፒያሳ የሄድኩት የወንድሜ ልጅ እጄን ይዞኝ ነው። በዚያው ሳምንት ስለ ሌዘሩ ማጠያየቅ ጀመርኩ።

አሁን 11 ወር ሆነኝ። ብዙ ሰው በሳምንቱ "ተአምር ነው" ብሎ ይጠፋል። እኔ የምነግራችሁ ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት የአዲስ አበባ ክሊኒክ ስሙ ይቅር። ሶፋው ምቹ ነው፣ ቡናም አቀረቡልኝ። የመነጽሬን ቁጥር ለኩ፣ አንድ ማሽን ላይ አገጬን አስቀመጡኝ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ "ላሲክ ይሆንልሃል፣ ቀብድ ከከፈልክ ከነገ ወዲያ እንሠራልሃለን" ተባልኩ። የኮርኒያዬ፣ ማለትም ሌዘሩ የሚልጠው የዓይኔ የፊተኛው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ውፍረቱ ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ የእንግዳ ተቀባይዋ ልጅ "እሱን ዶክተሩ ነው የሚያውቀው" አለችኝ። ዶክተሩ ደግሞ ያን ቀን የሉም። ፒአርኬ የሚባለው ሌላው የሌዘር ዘዴስ ስላት "እሱ ያረጀ ዘዴ ነው" አለች። በይሉኝታ ልከፍል ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ቡናቸውን ጠጥቼ እንዴት ብዬ። ግን ወጣሁ።

ሁለተኛው ቦታ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጠብታ አድርገው ብሌኔን አሰፉ፣ የዓይኔን ግፊት ለኩ፣ እንባዬ በቂ መሆኑን ለማየት ከታችኛው ቆቤ ስር ቀጭን ወረቀት አስገቡ፣ ከዚያ የኮርኒያውን ቅርጽ እንደ ካርታ በቀለም የሚያወጣውን ቶፖግራፊ አነሱኝ። ያለፈውን ዓመት የመነጽር ማዘዣም ጠየቁኝ፣ ቁጥሩ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ካልረጋ አይሠሩም። ሐኪሟ ቀጥላ "ልጅ ሆነህ ዓይንህን ታሽ ነበር?" አለችኝ። እንዴት አላሽም! በጋ በመጣ ቁጥር ስቧጥጠው ነው ያደግኩት። ለካ ማሸት ኮርኒያን እያሳሳ ወደ ፊት እንደ ሾጣጣ ከሚያወጣው ኬራቶኮነስ ከሚባል በሽታ ጋር ይያያዛል። በሽታው ያለበት ዓይን ላይ ላሲክ ከተሠራ ደግሞ ይብስበታል። አጀማመሩን የሚያሳየው ያ ካርታ ነው። የመጀመሪያው ክሊኒክ ስለ ካርታ አንድም ቃል አልተነፈሰም!

የኔ ካርታ ደህና ሆነ፣ ውፍረቱ ግን 480 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ወጣ። የብዙ ሰው 540 አካባቢ ነው። ሐኪሟ ወረቀት አወጣችና እንደ ሱቅ ሂሳብ ቀነሰችልኝ። ላሲክ ከላይ እንደ ክዳን የሚገለጥ ስስ ሽፋን ይቆርጣል፣ 110 በል። ለቀኝ ዓይኔ ቁጥር ሌዘሩ የሚልጠው ወደ 78 ነው። የሚተርፈው 292። "እኔ ከ300 በታች አልወርድም፣ ላሲክ አልሠራልህም" አለችኝ። ፒአርኬ ክዳን የለውም። 50 ገደማ የሆነችው የላይኛዋ ቆዳ ትነሳና በራሷ ጊዜ ተመልሳ ትበቅላለች፣ ስለዚህ ከስር የሚተርፈው ብዙ ነው። "አልሠራልህም" ያለችኝን ሐኪም ነው ያመንኩት፣ ፒአርኬውንም እሷ ጋ ተሠራሁ። ክሊኒክ ስትመርጡ የማሽኑን ስም ተዉትና ይቺን የመቀነስ ሂሳብ በራሳችሁ ቁጥር አሠሯቸው። ካልሠሩላችሁ ውጡ።

ታላቅ ወንድሜ "አዲስ ነገር አትሞክር" ብሎኝ ነበር። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ፒአርኬን የፈቀደው በፈረንጅ 1995 ነው፣ ምኑ ነው አዲስ?

ሥራው ራሱ ምንም አይደል። ለአንድ ዓይን ሌዘሩ አንድ ደቂቃም አልሞላ፣ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ አለው፣ አለቀ። ጉዱ ያለው በማግስቱ ነው። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ በትነው በርበሬ የነሰነሱበት መሰለኝ። አየር ጤና አክስቴ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ሦስት ቀን ተኛሁ፣ እሷ ሽንኩርት ስታቁላላ በሁለት በር መሃል እንኳ ይታወቀኛል። እማዬ በስልክ "አብሽር የኔ ልጅ" ትላለች፣ እኔ አለቅሳለሁ። ከሌዘሩ በኋላ ዓይኔ ላይ ያደረጉልኝን መከላከያ ሌንስ በአምስተኛው ቀን ሲያወጡልኝ ቀለል አለኝ። ላሲክ የተሠሩት በማግስቱ እያዩ ይሄዳሉ፤ ፒአርኬ እንደዚያ አይደለም፣ እኔ ስልኬን ያለ ጭንቀት ያነበብኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው።

ለሳምንት ውሃ ዓይን እንዳይነካ ይከለከላል። ውዱእስ? ሐኪሟ ያለችውን ይዤ ሰፈራችን ያሉ ሸኽ ጋ ደወልኩ፣ በተየሙም (በውሃ ፋንታ በአፈር) ጭምር እንዴት እንደማደርግ አስረዱኝ። ቀድማችሁ ጠይቁ፣ እኔ ትዝ ያለኝ ተሠርቼ ከተኛሁ በኋላ ነው።

ለደሴ ሰው ዋናው ጣጣ ክትትሉ ነው። 400 ኪሎ ሜትር በየጊዜው አትመላለስም። ከሥራው በኋላ ዓይኑ እንዳይቆጣ የሚሰጠው የስቴሮይድ ጠብታ ለወራት ስለሚቆይ የዓይንን ግፊት ሊጨምር ይችላል፣ መለካት ግድ ነው። ከሐኪሟ ጋር ተስማምቼ ግፊቱን ደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይን ክፍል እየተለካሁ ውጤቱን በቴሌግራም ላክሁላት። ይህን ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ፀሐዩም ቀላል አይደለም። ከፒአርኬ በኋላ ፀሐይ ኮርኒያው ላይ ጉም መሰል ጠባሳ ሊያመጣ ይችላል ብላኝ ለወራት በጥቁር መነጽር ዞርኩ። ሙጋድ ሰፈር ያሉ ጓደኞቼ "ባለሀብቱ መጣ" እያሉ ጨረሱኝ።

ሌሊት መንዳት ለአራት ወር ያህል ተውኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክ መብራት ዙሪያውን ቀለበት ይሠራ ነበር። አሁን ቀለበቱ አለ፣ ግን ሳስ ብሏል። ድርቀቱ ነው ያልለቀቀኝ። የጦሳ ተራራ ነፋስ፣ የከሰል ጭስ፣ የቡና ዕጣን፣ እነዚህ ሁሉ ያቃጥሉኛል፤ ሰው ሠራሽ እንባ ከኪሴ አይጠፋም፣ እሱም ወጪ ነው።

ቀኝ ዓይኔ ሙሉ ያያል። ግራው ላይ 0.50 ቀርታለች። ይደገምልህ ተባልኩ፣ ተውኩት፣ ያን ሦስት ቀን ለ0.50 አልደግመውም። ዋጋ አልጽፍም፣ ይቀያየራል። ብቻ ጠብታው፣ ክትትሉና ቢያስፈልግ ድጋሚው ክፍያው ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ አስይዙ። ያ ወንድሜ አሁን እሱም አማረው። 44 ዓመቱ ነው፣ ሌዘሩ ሩቁን ቢያስተካክልለትም ቁርአን ሲቀራ የማንበቢያ መነጽር አይቀርለትም ብዬ ብነግረው ተኮሳተረ።

ቀብድ የጠየቀኝ ክሊኒክ በየበዓሉ "ቅናሽ አለን" እያለ አሁንም ይጽፍልኛል።