የሞተር ሳጥን፦ አሉሚኒየም ወይስ ፕላስቲክ? ማቀፊያውንስ አይታችኋል?

ለረጅም መንገድ የጎን ሳጥን፣ ማለትም በሞተር ሳይክሉ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠል የዕቃ ሳጥን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አሉሚኒየም ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ ብሎ ነው። ሳጥኑ የሚንጠለጠልበትን የብረት ማቀፊያ የሚያየው ከስንት አንዱ ነው። እኔ ገንዘቤን መጀመሪያ እዚያ ላይ ነው የማወጣው። ቢሆንም ከሳጥኑ እንነሳ።

የአሉሚኒየሙ ላሜራ ብዙ ጊዜ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ወፈር ያለው 2 ይደርሳል። ሞተሩ ሲወድቅ ይሰረጉዳል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ በመዶሻ ይቃናል። ክዳኑ ከላይ ስለሚከፈት ዕቃ አይዘረገፍም። ግን አፉ አካባቢ ከተጣመመ ክዳኑ አይገጥምም፣ ዝናብ ያስገባል። ውስጡ ቀለም ካልተቀባ ደግሞ በንዝረት ከዕቃው ጋር ሲፋተግ ጥቁር ብናኝ ይለቃል። የውስጥ ቦርሳ ቅንጦት ይመስለኝ ነበር፤ ነጭ ካልሲዬ ግራጫ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ።

ፕላስቲኩ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ይቀላል። በትንሽ ውድቀት ተጭሮ ያልፋል። ከባድ ምት ግን ይሰነጥቀዋል፤ መንገድ ላይ ደግሞ እሱን መጠገን ጣጣ ነው። ብዙው እንደ ሻንጣ በጎን ነው የሚከፈተው። አጭቃችሁ ከሞላችሁት ሸሚዙም ጫማውም መሬት ላይ ነው።

አስፋልት ለሚበዛበት መንገድ ፕላስቲክ፣ ለኮረኮንች አሉሚኒየም እላለሁ።

ማቀፊያውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በብሎን የሚታሰር ቋሚ ቱቦ ነው። ሞተሩ ሳጥን በሌለበት ቀን አያምርም፤ ግን ጠንካራ ነው፣ የብዙ አምራቾችን ሳጥንም ይቀበላል። ሌላው በደቂቃ ተነቅሎ የሚወጣው ነው። ለዓይን ያምራል፤ መጋጠሚያው በበዛ ቁጥር ግን የሚላላውም ይበዛል። የትኛውንም ብትመርጡ ከኋላ ግራና ቀኙን የሚያያይዝ አግዳሚ ብረት እንዳለው እዩ። ያ ከሌለ የተጫነ ሳጥን ማቀፊያውን ወደ ጎማው ይገፋዋል። የቱቦውን ውፍረትም ለኩ፦ ለ18 ሚሊሜትር ቱቦ የተሠራ የሳጥን መያዣ 16 ላይ ቢገባም ሲንቀጫቀጥ ይውላል።

ስትገጥሙ ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡ። አንዱን ቀድማችሁ ካጠበቃችሁ የመጨረሻው ቀዳዳ አይገናኝም። ሁሉም ሲገባ አጥብቁ፤ ጥርሱ ላይ እንዳይላላ የሚያደርገውን ሰማያዊ ማጣበቂያ ጠብ አድርጉበት። ከዚያ ከዳዶው እስከ ብረቱ አንድ የቀለም መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ሲያልቅ ሁሉንም በቁልፍ ሞክሩ። የሳጥኑ መቆለፊያ ቢከዳስ? ዙሪያውን አንድ ቀበቶ እሰሩበት። ጫፉ ግን ተንጠልጥሎ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ።

የጭነት ገደቡ ብዙ ጊዜ በአንድ የጎን ሳጥን 10 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የእናንተን ከመመሪያው አረጋግጡ። ከባዱን ዕቃ ታች፣ ወደ ሞተሩ አስጠጉት። ከመቀመጫው ኋላ የሚገጠመው ሳጥን ለቀላል ዕቃ ነው። እዚያ ላይ ክብደት ሲበዛ የፊት ጎማው ይቀልና በፍጥነት ጊዜ መሪው ይወዛወዛል። በማርሚታው በኩል ያለው ሳጥን ብዙ ጊዜ ወጣ ብሎ ይቀመጣል ወይም ጠበብ ያለ ነው፤ ሊትሩን ስታወዳድሩ ይህን አትርሱ።

ሻጩ ገጥሞ ሲያሳያችሁ ሳጥኑን ጨብጣችሁ ነቅንቁት። ሞተሩ አብሮ ከተነቃነቀ ጥሩ ነው። ሳጥኑ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ሌላ እዩ።