48 እንቁላል የሚይዘው መፈልፈያ ማሽን፦ ከዘጠኝ ወርና ከሰባት ዙር በኋላ

ማሽኑ ላይ የፋብሪካ ስም የለም። በ220 ቮልትም በ12 ቮልት ባትሪም የሚሠራ፣ 80 ዋት የተጻፈበት፣ 48 እንቁላል የሚይዝ የቻይና ዕቃ ነው። የሚሠራው ከጎንደር ከተማ ወጣ ባለ የገጠር ቤት ውስጥ ሲሆን እንቁላሉ የሚመጣው እዚያው ግቢ ካሉ አሥራ አንድ የሀበሻ ዶሮዎችና ከአንድ አውራ ዶሮ ነው። ከየካቲት እስከ ጥቅምት ሰባት ዙር ገብቶበታል። የመጀመሪያው ዙር እንደ መመሪያው ተሄዶ ከ40 እንቁላል 17 ጫጩት ሰጠ። ከአራተኛው ዙር ወዲህ ግን ከ40ው ከ29 በታች ወርዶ አያውቅም። ማሽኑ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጡት አንድ የትኩሳት መለኪያና አንድ የወጥ ቤት ሚዛን ናቸው።

መጀመሪያ ሙቀቱ። ፋን ላለው ማሽን ትክክለኛው ከ37.5 እስከ 37.8 ዲግሪ ነው። ይህ ማሽን ስክሪኑ ላይ 37.8 እያለ እንቁላሎቹ አናት ላይ ሲለካ 37.1 ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ጽንሱን ግን ያዘገየዋል፤ ጫጩቱም በ21ኛው ቀን መውጣት ሲገባው በ22ኛውና በ23ኛው ቀን ደክሞ ይወጣል። ለመለካት ፋርማሲ የሚሸጠው ዲጂታል የትኩሳት መለኪያ ይበቃል፤ አለካኩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀዝቃዛውን እንዳለ ካስገባችሁት ቶሎ ጢጥ ይልና ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ሳታበሩት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ አብሩትና ክዳኑን ዘግታችሁ ከሦስት ደቂቃ በኋላ አንብቡ። መሐሉንም አራቱንም ማዕዘን ለኩ። የሜርኩሪውን መስታወት አታስገቡ፤ ከተሰበረ ሙቅ ሳጥን ውስጥ የሚተነው ሜርኩሪ መርዝ ነው።

ስህተቱ የሚታረመው ከውስጥ ነው። «ሰት» የሚለውን ቁልፍ ከሦስት ሰከንድ በላይ ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ «ሲኤ» የሚለው እስኪመጣ ደጋግሞ መንካት፣ ልዩነቱንም እዚያ መሙላት። እዚህ ማሽን ላይ የገባው 0.7 ሲቀነስ ነው። ማዕዘኖቹ ከመሐሉ 0.4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛሉ፤ ይህን ግን ቁልፉ አያስተካክለውም። መፍትሔው በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ጽንሱ ማደጉን ለማየት እንቁላሉ በእጅ ባትሪ ብርሃን ሲታይ የዳሩን ወደ መሐል፣ የመሐሉን ወደ ዳር ማዛወር ነው።

እርጥበቱ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ብዙ ጫጩት የሚሞተው እዚህ ነውና። መመሪያው ከ45 እስከ 50 በመቶ ይላል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ያንሳል፤ ውሃ የሚፈላውም 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አየሩ ሲሳሳ በእንቁላል ቅርፊት ቀዳዳዎች በኩል የሚወጣው የውሃ ተን ይፈጥናል። ስለዚህ እርጥበቱ እኩል ሆኖ እንኳ የደጋ እንቁላል ከቆላ እንቁላል ይበልጥ ይደርቃል። እንቁላሉ ከመጠን በላይ ከደረቀ ጫጩቱ ውስጠኛው ስስ ሽፋን ላይ ተጣብቆ፣ ቅርፊቱን ነቁሮ ሳይወጣ ይሞታል። የመጀመሪያው ዙር ኪሳራ አብዛኛው ይህ ነበር።

የስክሪኑን የእርጥበት ቁጥር ትቼ ወደ ሚዛን የሄድኩት ለዚህ ነው። አንድ እንቁላል እስከ 18ኛው ቀን ድረስ ከክብደቱ ከ11 እስከ 14 በመቶ ማጣት አለበት። አሥር እንቁላል በእርሳስ ምልክት አድርጉና አንድ ላይ መዝኑ። የሀበሻ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ አሥሩ 430 ግራም ገደማ ይመጣል። በ7ኛው ቀን 20 ግራም ያህል፣ በ14ኛው 40 ያህል መቀነስ አለበት፤ በ18ኛው ቀን ከ370 እስከ 383 ግራም መካከል ከሆነ ጥሩ ነው። ቶሎ ከቀነሰ ውሃ ጨምሩ፣ ከዘገየ ቀንሱ። ልጆች ይህን በካሬ ደብተር ላይ በሁለት መስመር ቢስሉት፣ አንዱ መሆን ያለበት ሌላው የሆነው፣ ስህተቱ ሳይረፍድ ይታያል፤ ስለ መቶኛም ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም።

በውሃ መጠን ስንናገር፦ ከታች ሁለት የውሃ ቦይ አለ። በሚያዝያ ደረቅ አየር ሁለቱም ይሞላሉ፤ በሐምሌና በነሐሴ ቤቱ ራሱ እርጥብ ስለሆነ አንዱ ይበቃል፣ አንዳንድ ቀን እሱም ይበዛል። በክረምት ሁለቱን የሞላ ሰው ክብደቱ አልቀንስ ብሎት ያየዋል፤ ጫጩቱም ውሃ ይዞ አብጦ ይቀራል። የሚጨመረው ውሃ ለብ ያለ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ ያወርደዋል።

መብራት ሌላው ጉዳይ ነው። በሶኬት ቆጣሪ ሲለካ ማሽኑ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ በአማካይ 40 ዋት መሆኑ ነው። የሞተር ሳይክል 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ለሶላር የሚሸጠው 100 አምፒር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ፣ እንዳይጎዳ ግማሹ ብቻ ቢወጣ፣ 15 ሰዓት ያህል ይይዛል። ሻጭ የማይናገረው ደግሞ ይህ ነው፦ ማሽኑ በባትሪ ሲሠራ ሙቀቱና ፋኑ ይሠራሉ፣ ትሪውን እያዘነበለ እንቁላሉን የሚያገላብጠው ማገላበጫ ግን አይዞርም፤ ሞተሩ የ220 ቮልት ነውና። መብራት ቀኑን ሙሉ ከጠፋ ትሪውን በእጅ ማዘንበል ያስፈልጋል፤ በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ። ቁጥሩ ጎዶሎ የሆነው እንቁላሉ ሁልጊዜ ሌሊቱን በአንድ ጎን እንዳያድር ነው።

ባትሪ ከሌለ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልታችሁ አራቱ ማዕዘን ላይ አስቀምጡ፤ እንቁላል አይንካ፤ በየሰዓት ተኩሉ ቀይሩት። ማሽኑን በብርድ ልብስ ሸፍኑት፣ የክዳኑን ቀዳዳዎች ግን ተዉ። ለሦስትና ለአራት ሰዓት መቀዝቀዝ ጽንሱን ያዘገየዋል እንጂ ወዲያው አይገድለውም፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰዓት መሞቅ ግን ይገድላል። ከ18ኛው ቀን በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፦ ጫጩቶቹ ራሳቸው ሙቀት ያወጣሉ፣ አየርም ይፈልጋሉ። ያን ጊዜ መብራት ከሄደ አትሸፍኑ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ክዳኑን ከፍታችሁ አናፍሱ። መብራት ሲመለስ ከሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ደግሞ ለፍሪጅ የሚሸጠው መከላከያ ያድናል።

የትሪው ጉድጓድ ለትልቅ የፈረንጅ እንቁላል የተሠራ ነው። የሀበሻ እንቁላል ውስጡ ይንገላታል፤ ስለዚህ ታጥፎ በጎኑ የሚሻጥ ካርቶን አስፈለገ፤ በዚያም ምክንያት 48ቱ ቦታ ወደ 40 ወረደ። ሹሉ ጫፍ ወደ ታች ይሁን። እንቁላሉ ከሰባት ቀን በላይ ያልቆየ፣ ያልታጠበ ይሁን፤ በባጃጅ ተንገጫግጮ የመጣ ከሆነ ሳይገባ አንድ ቀን ይረፍ። ከቅዳሜ ገበያ የሚገዛው ዕድሜው ስለማይታወቅ አይመከርም፤ የእንቁላል ጣይ እርባታ እንቁላል ደግሞ አውራ ከሌለበት ስለሚመጣ ከቶ አይፈለፈልም። በዐቢይ ጾም እንቁላል ይረክሳል፤ በመጋቢት አጋማሽ የገባ በሚያዝያ መጀመሪያ ይወጣል፣ አውራዎቹም ለእንቁጣጣሽ ይደርሳሉ።

በ18ኛው ቀን ማገላበጫው ይወጣል፣ እንቁላሉ ወንፊቱ ላይ ይጋደማል፣ እርጥበቱ 65 በመቶና ከዚያ በላይ ይደረጋል፤ ሁለቱ ቦይና አንድ እርጥብ ስፖንጅ ይበቃሉ። ከዚያ መብራት ካልጠፋ በቀር ክዳኑ አይከፈትም። ከመጀመሪያው ቀዳዳ እስከ መውጣት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ቅርፊቱን መላጥ ደም ያፈሳል። የወጣው ጫጩት አስኳሉን ወደ ሆዱ ስለሳበ አንድ ቀን ሳይበላ ይቆያል፤ ላባው ሲደርቅ ይነሣ።

ድመት ላለበት ቤት አንድ ማስጠንቀቂያ። የማሽኑ ክዳን ሌሊቱን ሙሉ ሙቅ ስለሆነ ድመት እላዩ ላይ ትተኛለች፤ ሰውነቷም የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ጫጩቶቹ በመጨረሻዎቹ ቀናት የሚታፈኑት እንዲህ ነው። የሽቦ ወንፊት በአራት እንጨት ላይ ተደርጎ ከክዳኑ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቢሠራ ያግዳል። የጫጩቶቹ ጩኸት ሲጀምር ውሻውም ከክፍሉ ይውጣ።

የተበላሸው፦ በስድስተኛው ወር ፋኑ መጮህ ጀመረ፣ ቀጥሎም ቆመ። ምክንያቱ የጫጩት ብናኝ ላባ ነው። በ12 ቮልት የሚሠራ 8 ሳንቲ ሜትር የኮምፒውተር ፋን ልክ ገባበት፤ ቀዩ ሽቦ በቀይ፣ ጥቁሩ በጥቁር። አየሩ የሚነፍስበት አቅጣጫ እንደ ድሮው መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ከየዙሩ በኋላ ሳጥኑ በሳሙና ከታጠበ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ በረኪና ይጠረጋል፤ ሴንሰሩ ግን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ። ላባ የሸፈነው ሴንሰር እርጥበቱን አሳስቶ ያነባል።

ማሽኑ ጫጩት አያሳድግም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ33 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሰ የሚሄድ ሳጥን ያስፈልጋል፤ የፈንግል ክትባትም እንዲሁ። የክትባቱ ብልቃጥ ከተከፈተ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ ስላለበት ከጎረቤት ጋር በአንድ ቀን መከተብ ይሻላል። ሳጥኑን ለማስቀረት የሚሠራ መንገድ አለ፦ እንቁላል ማሽኑ ውስጥ በገባበት ቀን ለታቀፈች ዶሮ ጥቂት እንቁላል መስጠት። በ21ኛው ቀን የእሷም ይወጣሉ። ያን ምሽት ሙሉ በሙሉ ሲጨልም የማሽኑን ጫጩቶች አንድ በአንድ ከሆዷ ሥር አስገቡላት፤ ለአንዲት ዶሮ በጠቅላላው ከ15 አይብለጡ። በቀን ብርሃን ከሆነ ትነክሳቸዋለች፤ በጨለማ የገቡትን ግን ሲነጋ የራሷ አድርጋ ትመራቸዋለች።