የድሬዳዋ ኬጂዎች በቴሌግራም፦ ወላጅ የከፈለበትን ያገኘው ከየቱ ነበር?

መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ በድሬዳዋ ብዙ የግል ኬጂዎች ወደ ቴሌግራም ገቡ። አገልግሎታቸው ግን ለየቅል ነበር። አንዱ ፒዲኤፍ ለጥፎ ዝም ይላል፣ ሌላው ቪዲዮ ይልካል፣ አንዳንዱ በዙም በቀጥታ ለማስተማር ይሞክራል። ወላጁን ያረካው ወይም ያስመረረው የተላከው ብዛት አልነበረም። ልጁ የጻፈው ታርሞ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ነው።

ብዙ የተወራለትና ብዙም ያልሠራው ዙም ነው። ነፃው ዙም በ40 ደቂቃ ይዘጋል። ሃያ አምስት የነርሰሪ ልጆችን አስገብቶ፣ የሁሉንም ማይክ አጥፍቶ፣ «ሚስ! ሚስ!» የሚለውን አስተናግዶ ትምህርት እስኪጀመር ከጊዜው ብዙው አልቋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ አንድ ዙም አብዛኛውን ወሰደው ማለት ነው። ስልኩስ የማን ነው? ከፊራ ወይም ታይዋን በሚባሉት የከተማዋ ገበያዎች ሱቅ ያለው ወላጅ ስልኩን ይዞ ጠዋት ይወጣል፤ የረፋዱ 4 ሰዓት ክፍል ልጁን አያገኘውም። ሱቅ ተዘግቶ ሁሉም ቤት የሚገባው ቀትር ላይ ነው። በግንቦት ሙቀት፣ በዚያ ሰዓት የአራት ዓመት ልጅ አስቀምጦ ፊደል ሊያስቆጥር ያሰበ ትምህርት ቤት ድሬን አያውቃትም።

ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚሆን የተቀረጸ ቪዲዮ በጣም ይሻላል፤ ወላጁ ሲመቸው ይከፍተዋል፣ ልጁም ደጋግሞ ያየዋል። ጥሩዎቹ ስልኩን ከላይ ወደ ታች ገጥመው የመምህሯን እጅና ደብተሩን ብቻ ያሳያሉ። ፒዲኤፍ የማይነግረው እርሳሱ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ነውና ፊደል ለሚጀምር ልጅ ዋናው ይኸው ነው። በሰልፊ ካሜራ የተቀረጸው ግን ጉዳት አለው፦ አንዳንድ ስልክ ምስሉን ገልብጦ ስለሚያስቀምጥ «ረ» ፊቷን ታዞራለች፣ የእንግሊዝኛዋ ትንሿ ቢ ዲ ሆና ትመጣለች። ልጁ ያየውን ነው የሚጽፈው። ሌላው ጥፋት ቪዲዮውን በፋይል መልክ መላክ ነው፤ በቪዲዮ መልክ ሲላክ ቴሌግራም ስለሚያሳንሰው የወላጅ ዳታ ይተርፋል።

የቤት ሥራውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ጽፈው የለጠፉ ነበሩ። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በሚነገርበት ከተማ አያት ጋ የሚውል ልጅ ይህን ማን ያንብብለት? በየቋንቋው የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት የላኩት ችግሩን ያለ ብዙ ዳታ ፈቱት።

ወደ እርማቱ እንምጣ። ሥራው በግሩፑ ላይ ሲለጠፍ ወላጆች መፎካከር ይጀምራሉ፤ ብዙ ሳይቆይም መስመሩ ቀጥ ያለ፣ የአባት እጅ ያለበት «የልጅ ጽሑፍ» ይበዛል። በግል ለሚስ ሲላክ ይህ ይቀንሳል። ፎቶው መስኮት አጠገብ፣ ከደብተሩ ቀጥ ብሎ ከላይ ቢነሳ ይነበባል፤ ማታ በአምፖል ሲነሳ የእጅ ጥላ ያርፍበታል። መምህሯ እዚያው ቴሌግራም ላይ በቀይ አክብባ፣ አጭር ድምፅ ጨምራ ትመልሳለች። ለአንድ ልጅ 3 ደቂቃ ቢፈጅ ለ25 ልጅ 75 ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ እናርማለን ያሉት ቶሎ ደከሙ፣ በሳምንት ሁለቴ ያሉት ዘለቁ።

በየሳምንቱ ወረቀት አባዝተው በር ላይ ያደሉት ኋላ ቀር ተብለው ነበር። ሰኔ 23 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ በቴሌግራም ብቻ የሚሠራው ሁሉ ቆመ፤ ወረቀት የወሰደ ልጅ ግን የሚጽፍበት ነበረው።